በዘበኛው ሆድ ውስጥ የሚኖር ጠላት

በማሻ ዝናቡ በጠና ጊዜ ቤተ ሰቡ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ፥ ከእሳት ዳር ተሰብስቦ ቡናውን ይጠጣል። ከመካከላቸው አንዱ ሲያስል የሰነበተ እንደ ሆነም ብዙዎች ሲኒውን ይለዩበታል። እኛ ግን ሲኒው በደል የለበትም እንላለን። የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በሽተኛው ሲያስል ወደ አየር በሚወጣው ረቂቅ ጠብታ ነውና፥ መከፈት የሚገባው መስኮቱ ነው።

የዚህን በሽታ ባክቴሪያ ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1882 ለዓለም አስታወቀ። ወደ ሳንባ ከገባ በኋላ የሚሠራው ሥራ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በሳንባችን ውስጥ እንደ ዘበኛ የሚጠብቁ፥ ሊቃውንት ማክሮፋጅ የሚሏቸው ሕዋሳት አሉ። እነርሱም ባዕድ ነገር ሲያገኙ ይውጡታል፤ የዋጡትንም በከረጢት ይይዙና፥ የሚያሟሙ ቅመሞችን ከያዘ ሌላ ኮምጣጣ ከረጢት ጋር አገናኝተው ይፈጩታል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግን ከተዋጠ በኋላ ሁለቱ ከረጢቶች እንዳይገናኙ ያግዳል። ከዚያ ወዲያ የዘበኛው ሆድ መኖሪያ ቤቱ ይሆናል። በዚያም ቀስ እያለ ይራባል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ እጥፍ ሲሆኑ፥ እርሱ 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

ሰውነታችንም ዝም አይልም። ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት መጥተው ዘበኛውን ያበረታሉ፤ በዙሪያውም እንደ ቅጥር ይቆማሉ። ባክቴሪያው በቅጥሩ ውስጥ ሳይሞት ለብዙ ዓመታት ሊያደፍጥ ይችላል። የማሻ ንብ አናቢ ይህን ከቀፎው ያውቀዋል፤ ሰም የሚበላው ትል ብርቱ የንብ መንጋ ባለበት አይሠለጥንም፥ መንጋው በደከመ ጊዜ ግን ቀፎውን ያጠፋዋል። ሰውም በረኀብ፥ በስኳር በሽታ፥ ይልቁንም በኤች አይ ቪ ሲደክም ቅጥሩ ይፈርሳል። (የሥጋ ደዌ ባክቴሪያም ለዚህኛው ዘመዱ ነው፤ በሕዋሳት ውስጥ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በሥጋ ደዌ ጀምሮ ዛሬ ሳንባ ነቀርሳንም ይመረምራል።)

«ሳሉ ከቆመ በኋላ መድኃኒቱ ስለ ምን ይቀጥላል?» የሚሉ አሉ። መድኃኒቱ በፍጥነት የሚራቡትን ባክቴሪያዎች አስቀድሞ ይገድላል፤ በዚህም ሳሉ ይበርድና በሽተኛው ወደ ቡና ለቀማው ይመለሳል። በሕዋሳቱ ውስጥ ያደፈጡት ግን ገና አሉ። ስለዚህም ለተለመደው የሳንባ ነቀርሳ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 ዓይነት መድኃኒት፥ ከዚያም ለ4 ወራት 2 ዓይነት ይሰጣል። በሦስተኛው ወር ያቋረጠ ሰው የተረፉትን በሳንባው ይዞ ይኖራል፤ ተመልሰው ሲነሡም መድኃኒቱን የለመዱ ሊሆኑ ይችላሉ።

2 ሳምንት ያሳለ ተማሪ ያያችሁ መምህራን አክታውን እንዲያስመረምር ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው።