ፕሪንት ያሳያል፣ ሪተርን ያስረክባል

ባለፈው ዓመት ከካምፕ ሆኖ በኢንተርኔት ለመሥራት የሚያስችል የፓይተን ፈተና ተፈትኜ ዜሮ አገኘሁ። መልሱ እኮ ስልኬ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር! ፈታኙ ግን ሰው አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው። ስክሪኔን አያይም፤ የሚጠብቀው ኮዱ የሚመልስለትን ነገር ነው። እኔ ሪተርን ማለት ሲገባኝ ፕሪንት ብዬ ነበር። እዚህ ካኩማ ፓይተን የጀመሩ ልጆች ሲጠይቁኝም የማየው ይህንኑ ስሕተት ስለሆነ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ሁላችንም የምናውቀውን የሱቅ ዱቤ እንውሰድ። «ደንበኛ» የሚባል ክላስ ሠራን እንበል። እያንዳንዱ ደንበኛ ስምና የዱቤ ዝርዝር አለው። በክላሱ ውስጥ ደግሞ «ድምር» የሚባል ሜተድ አለ፤ ሥራው ዝርዝሩን መደመር ነው። የጎረቤታችን የእማማ ዱቤ 200፣ 150 እና 100 ሽልንግ ቢሆን ድምሩ 450 ነው።

ሜተዱ መጨረሻ ላይ ፕሪንት ካላችሁ 450 ስክሪኑ ላይ ይወጣል። አለቀ። እናንተ አያችሁት እንጂ ፕሮግራሙ እጅ አልገባም። ባለሱቁ ልጁን «የእማማ ዕዳ ስንት ነው?» ሲለው፣ ልጁ ደጅ ወጥቶ «450!» ብሎ እንደ መጮህ ነው፤ ሰፈሩ ሰማ፣ ደብተሩ ግን ባዶ ነው። ሪተርን ማለት ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ለባለሱቁ ማቀበል ነው። ከዚያ ይደምርበታል፣ ይቀንስበታል፣ ከፈለገ ራሱ ይጮኸዋል።

ጉዱ የሚፈላው የእማማንና የጋሼን ድምር አንድ ላይ ልትደምሩ ስትሞክሩ ነው። 450 ይታያል፣ የጋሼም 300 ይታያል፣ ከሥራቸው ግን «ታይፕ ኤረር» ይመጣል። ሪተርን የሌለው ሜተድ የሚመልሰው «ነን» የሚባል ባዶ ነገር ነው (እኛ ነን ከሚለው ጋር እንዳታምታቱት)። ነን ከነን ጋር አይደመርም።

እኔን ለወራት ያሳሳተኝ ሌላም ነገር አለ። ሦስት የ«ይበልጣል» ምልክት ባለው መስመር ላይ በቀጥታ ስትጽፉ፣ ፓይተን ሪተርን የተደረገውንም በራሱ ያሳያችኋል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ኮዱን ከፋይል ስታስነሡት ግን ሪተርን ብቻውን ምንም አያሳይም። ያኔ «አልሠራም» ብላችሁ ወደ ፕሪንት አትመለሱ። ሜተዱ ሪተርን ያድርግ፣ ፕሪንቱን ሜተዱን የምትጠሩበት ቦታ ላይ፣ ከክላሱ ውጭ አድርጉት። ከ450 ሥር «ነን» ከታያችሁ፣ በሁለቱም ቦታ ፕሪንት አለ ማለት ነው፤ የውስጡን ወደ ሪተርን ቀይሩት።

ደግሞ ሪተርን ሜተዱን እዚያው ያቆመዋል። ፎር ሉፑ ውስጥ ገባ ብሎ ከተጻፈ የመጀመሪያዋን 200 ብቻ ይዞ ይወጣል። በስልክ ስትጽፉ ይህቺ በቀላሉ ታመልጣለች። ከፎር ጋር እኩል አሰልፉት።

ፈተና ላይም መጀመሪያ ጥያቄውን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። አንዳንዱ ፕሪንት አድርጉ ይላል። የእኔው ሪተርን አድርግ ይል ነበር።