📌 የወደብ ደረጃና የእኛ ኩንታል ምን አገናኛቸው?

ዛሬ ከዕለታዊው ዋጋ ትንሽ ወጣ እንበል። ከመተከል ተነሥቶ በቻግኒ በኩል እንጅባራ ላይ ዋናውን መንገድ የሚይዘው አኩሪ አተር፣ ለውጭ ገበያ ሲላክ መርከብ የሚያገኘው ጅቡቲ ነው። እዚያ የባከነ ቀን ደግሞ ዞሮ ዞሮ እዚህ ከኩንታሉ ላይ ይቀነሳል።

👉 ደረጃው ምን ይለካል?
የዓለም ባንክና ኤስ ኤንድ ፒ ግሎባል በሚያወጡት የኮንቴይነር ወደቦች ደረጃ፣ ጅቡቲ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ከ351 ወደቦች 61ኛ፣ በ2021 ከ370 ወደቦች 19ኛ ነበር። ጥሩ ውጤት ነው። ግን የተለካው መርከቧ ወደቡ ክልል ከደረሰችበት ሰዓት ጀምሮ ሥራዋን ጨርሳ እስክትለቅ ያለው ጊዜ ነው። የእናንተ መኪና ተሰልፎ የቆመበት፣ ባዶ ኮንቴይነር የተጠበቀበት ቀን እዚያ ውስጥ የለም።

👉 ሌላው አለካክ
ይሄኛው ሥራውን ካለው አቅም ጋር ያነጻጽራል። በመጋዘን እንየው። አንዱ በ10 ወዛደር በቀን 300 ኩንታል ይጭናል፤ ሌላው በ6 ወዛደር 240። ብዙ የጫነው የመጀመሪያው ነው፤ በሰው ሲካፈል ግን 30 እና 40 ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ከሁለተኛው አንጻር ሲለካ 75 በመቶ ብቻ ነው። ወደብም እንዲሁ ነው፤ በአንድ በኩል ክሬኑ፣ የመርከብ መቆሚያው ርዝመትና ሜዳው፣ በሌላ በኩል በዓመት የተነሣው ኮንቴይነር ይቀመጣል።

👉 ለኛስ?
እንበልና አምስት ጭነቶች ጅቡቲ ላይ 6፣ 7፣ 6፣ 8 እና 23 ቀን ቆዩ። አማካዩ 10 ቀን ነው። ላኪው ግን ዋጋ ሲቆርጥ የሚያስበው 23ቱን ቀን ነው። 200 ኩንታል በያዘ ኮንቴይነር ላይ 40,000 ብር የመዘግየት ወጪ ከፈራ፣ ከኩንታል 200 ብር ቀንሶ ነው የሚገዛችሁ።

ስለዚህ ዩኒየኖችም ላኪዎችም ከትራንዚተራችሁ ለእያንዳንዱ ጭነት ሦስት ቀን ተቀበሉ፦ ጅቡቲ የገባበት፣ ኮንቴይነር ውስጥ የታሸገበት፣ መርከብ ላይ የወጣበት። አንድ ወቅት ሙሉ መዝግቡ። ቀኑ የሚባክነው የት እንደሆነ ያኔ ይታያል፤ "መንገዱ ነው፣ ወደቡ ነው" እየተባለ የሚቀነስባችሁንም በማስረጃ ትከራከሩበታላችሁ።

መልካም ገበያ!