በደም ቲዩቡ ላይ ያለው ስም

በሜልበርን ሆስፒታሎች ከታካሚ የተቀዳ ደም ላብራቶሪ ሲደርስ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀበለው የላብራቶሪ ረዳት ነው። ውጤት መተርጎም የእሱ ሥራ አይደለም። እሱ በቲዩቡና በማዘዣው ላይ ያለውን ስም፣ የልደት ቀንና ዩአር የሚባለውን የታካሚ ቁጥር ያመሳክራል፤ ኮምፒውተር ላይ ይመዘግባል፤ እንደ ምርመራው ዓይነት ደሙን በሴንትሪፉጅ አሽከርክሮ ወደ ማሽኑ ይልካል።

ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ደም ከመሰጠቱ በፊት ለሚደረገው የደም ዓይነት ምርመራ ስሙ ካልተመሳሰለ ናሙናው ይጣላል፤ ታካሚው እንደገና ይወጋል። ምክንያቱም የደም ዓይነቱ ኤ የሆነ ሰው የቢ ደም ቢሰጠው ሊሞት ይችላል።

እኛ ሐበሾች ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለብን። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል። «ፀሐይ» በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስትና በአራት ዓይነት ይጻፋል። የዘመን አቆጣጠራችን በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። የተወለዱበት ቀን ባለመታወቁ ጃንዋሪ 1 ተብለው የተመዘገቡ ወገኖችም አሉ።

ስለዚህ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ሐኪም ቤት ስትወስዱ ሜዲኬር ካርዳቸው ላይ ያለውን ስምና በሜዲኬር የተመዘገበውን የልደት ቀን እንዲናገሩ አስታውሷቸው። ነርሷ ደጋግማ ስትጠይቅ «ስሜን ረሳሽው እንዴ?» ብለው ቅር እንዳይላቸው ምክንያቱን አስረዷቸው።

ነርሲንግ የምንማር ደግሞ ቲዩቡ ላይ ስም የምንጽፈው እዚያው ታካሚው አጠገብ ሆነን፣ ራሱን ጠይቀን ይሁን። ላብራቶሪ ያለው ሰው ታካሚውን አያየውም፤ የሚያየው እኛ የጻፍነውን ብቻ ነው።