የመረጃ አመጣጥና ጥበቃው

አንድ መረጃ በሳይንስ ዘንድ እንዲታመን ከማን፣ መቼ፣ የትና በምን ዘዴ እንደ ተገኘ መታወቅ አለበት። ይህን የሚያስረዳው ጽሑፍ የአመጣጥ መዝገብ ይባላል። ነገር ግን መረጃው የሰውን ጤና የሚመለከት ሲሆን፣ ያው መዝገብ የሰውን ምስጢር ወደ አደባባይ ሊያወጣ ይችላል። በላፍቶ የሚኖሩ አንዲት እናት ለጥናት ደም ሰጡ እንበል። ስማቸው ባይጻፍ እንኳ ሰፈራቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ሥራቸውና የልጆቻቸው ቁጥር አንድ ላይ ከሰፈረ፣ ጎረቤት ማንነታቸውን ለመለየት አይቸገርም።

በ1997 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህ በሚገባ ታስቦበት ነበር። በዚያ ጥናት የኤች አይ ቪ ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨመረ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ከጣት የተወሰደውን ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቀው ባር ኮድ ይለጥፉበታል፤ ተመሳሳዩን ባር ኮድ በመጠይቁ ላይም ይለጥፋሉ። ከዚያም ወረቀቱ ወደ ቤተ ሙከራ፣ መጠይቁ ወደ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይሄዳል። መርማሪው ደሙን እንጂ ሰውየውን አያውቅም፤ መጠይቁን የሚመዘግበውም ሰውየውን እንጂ ውጤቱን አያውቅም። ሁለቱ መረጃዎች የሚገናኙት የቆጠራ ቦታውንና የቤቱን ማንነት የሚጠቁሙት ቁጥሮች ተለውጠው፣ የቀድሞዎቹም ከጠፉ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። መንገዱ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ወደ ሰውየው መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ቫይረሱ በደሙ የተገኘበት ሰው ከጥናቱ ውጤቱን አልሰማም፤ ማወቅ የሚሻ ሁሉ በፈቃደኝነት ምርመራ ጣቢያ እንዲመረመር ይመከር ነበር እንጂ። ዋጋው ቀላል አልነበረም። ሆኖም በዚያን ጊዜ በበሽታው የታወቀ ሰው ይደርስበት የነበረው መገለል ሲታሰብ፣ ምርጫው ትክክል ነበር ለማለት ይቻላል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል።

የቦታው መረጃም እንዲሁ ይጠበቃል። የተጠኑት ቦታዎች በካርታ ላይ ሆን ተብሎ በከተማ እስከ 2፣ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይዛወራሉ፤ ከገጠሮቹም ከመቶ አንዱ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የገጠሩ ርቀት የበለጠው ቤቶቹ የተራራቁ በመሆናቸው ነው። እንግዲህ የላፍቶዋ እናት ቤት የሚገኝበት ቦታ በካርታው ላይ በጎረቤት ሰፈር ሊታይ ይችላል ማለት ነው። ተመራማሪው ይህን ካርታም ሆነ የደሙን ውጤት የሚያገኘው ዓላማውን ጽፎ ጠይቆ ሲፈቀድለት ብቻ ነው። የማዛወሩ ስልት ግን ከማንም አይደበቅም፤ ስሕተቱ እስከ ምን እንደሚደርስ ያላወቀ ተመራማሪ በመረጃው ሊሠራበት አይችልምና።