አያቴ በየትኛው ገዳ ተወለዱ? ከነገሌ ቦረና የሚነሣ የትውልድ ፍለጋ

የቤተሰብ ታሪክ የሚፈለግባቸው ትልልቅ ድረ ገጾች ገና ሲከፈቱ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ስም፣ የቤተሰብ ስምና የትውልድ ቀን። ከነገሌ፣ ከያቤሎ ወይም ከሞያሌ የተነሣ ሰው ሦስቱም ላይ ይደናቀፋል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባት ስም ነው። አያቱ ሲወለዱ ቀኑን የጻፈ ጽሕፈት ቤት አልነበረም። ስማቸውንም ቢሆን ጣሊያኑ በአንድ መልክ፣ እንግሊዙ በሌላ መልክ ነው የጻፈው። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ‹‹ስለ እኛ የተጻፈ ነገር የለም›› ብሎ ይተወዋል። የተጻፈ ነገር ግን አለ። የሚገኘው በሌላ መንገድ ሲሄዱ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ ብዙ አንቀጽ ቢይዝም መዝገቡ ለአሥርት ዓመታት ሥራ ላይ አልዋለም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ስለዚህ አንድ የነገሌ ልጅ የአያቱን የልደት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ቢያጣው ፍለጋ ስላልቻለበት አይደለም። መዝገቡ ሳይጻፍ ቀርቶ ነው።

ቦረና ግን ጊዜን የሚቆጥርበት የራሱ መዝገብ አለው። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ገዳ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ዘመኑም በአባ ገዳው ስም ይጠራል። አዋቂ ሽማግሌዎች ይህን ተራ ከ500 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይቆጥሩታል፤ ያዩትንና የሰሙትን ማቆየት ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሰ በ1950ዎቹ አጋማሽ ቦረና ውስጥ ተቀምጠው ያጠኑት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ‹‹ገዳ›› በሚለው መጽሐፋቸው ያሳተሙት የዘመን ቅደም ተከተልም የተቀዳው ከእነዚህ አንደበቶች ነው። አንዲት እናት ‹‹የተወለድኩት በጃልዴሳ ሊበን ገዳ፣ በሦስተኛው ዓመት ነው›› ካሉ፣ ጃልዴሳ ሊበን ሥልጣን የያዙት እ.ኤ.አ. በ1960 ስለሆነ፣ ልደታቸው 1962 ወይም 1963 ላይ ይወድቃል። ብዙ መታወቂያ ላይ በግምት ከተሞላው ዓመት ይህኛው ይሻላል።

ለቤተሰብ ፍለጋ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። አባትና ልጅ በገዳ ሥርዓት የሚራራቁት በአምስት ገዳ፣ ማለትም በ40 ዓመት ነው። ጃልዴሳ ሊበን እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1968 አባ ገዳ ነበሩ፤ ልጃቸው ሊበን ጃልዴሳ ደግሞ ከ2000 እስከ 2008። ስለዚህ የአያትዎ ሉባ (የገዳ ቡድን) የትኛው እንደነበረ ካወቁ የአባትዎ የት ላይ እንደሚያርፍ በስሌት ይደርሱበታል። የተነገረዎት ታሪክ ከስሌቱ ካልገጠመ አንድ ትውልድ ተዘሏል፣ ወይም ሁለት ሰዎች አንድ ተደርገዋል ማለት ነው።

ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረግ ደግሞ በጣም ቀላል ነው፤ የአያት ስም ለልጅ ልጅ ይወጣልና። ጉዮ ቦሩ የሚለው ስም በ1940ዎቹ ገደማ (እ.ኤ.አ.) በአባ ገዳነት ተራ ላይ ይገኛል፤ ከ40 ዓመት በኋላ ቦሩ ጉዮ ይመጣል፤ በ2017 ዓ.ም. 72ኛው አባ ገዳ ሆነው ሥልጣን የተረከቡትም ጉዮ ቦሩ ይባላሉ። አንድ አሮጌ ወረቀት ላይ ‹‹ጉዮ ቦሩ›› የሚል ስም ብቻ ያገኘ ሰው የየትኛው ዘመን ሰው እንደሆነ በምን ይለያል? በገዳው፣ በጎሳውና በቦታው ነው። ከሁለቱ የቦረና ክፍሎች ከሳቦ ወይስ ከጎና፣ ከዚያም ከየትኛው ጎሳ፣ ውኃ የሚያጠጡትስ ከየትኛው ኤላ (የውኃ ጉድጓድ)? ፈረንጅ የቤተሰብ ስም በሚልበት ቦታ የእኛ ሰው የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። ስሙ ራሱም ብዙ ጊዜ መረጃ ነው፤ ጉዮ ቀን የተወለደ፣ ጋልጋሎ ወደ ማታ፣ ሮባ በዝናብ፣ ጂሎ በሥርዓት በዓል ወቅት።

ኢንተርኔት የሚከፈተው እነዚህ ከተያዙ በኋላ ነው። ‹‹ነገሌ›› ብለው ቢጽፉ አርሲ ነገሌ ይመጣብዎታል፤ ‹‹ቦረና›› ቢሉ የወሎው ቦረና። በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል። የጣሊያንኛ ‹‹ጂ›› ከ‹‹ኢ›› በፊት ሲመጣ ‹‹ጄ›› ተብሎ ስለሚነበብ ጣሊያኖች ነገሌን ሲጽፉ መካከሉ ላይ ‹‹ኤች›› ይጨምራሉ፤ ያቤሎን ደግሞ በ‹‹ጄይ›› ይጀምራሉ። በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን አጻጻፍ፣ ሲጻፍ ድርብ ፊደላት ይገባሉ። እያንዳንዱን አጻጻፍ ለየብቻ መሞከር ግድ ነው። በጣሊያንኛው አጻጻፍ ሲፈልጉ በመጀመሪያ የሚመጣልዎት የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ሊሆን ይችላል፤ ከተማዋን በመያዙ ‹‹የነገሌ ማርኬዝ›› የሚል ማዕረግ ተሰጥቶታልና። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰመጠ ‹‹ነገሌ›› የተባለ የጣሊያን ባሕር ሰርጓጅ መርከብም አለ። እነዚህን ገለል የሚያደርግ ቃል፣ ለምሳሌ ሊበን፣ አብሮ መጻፍ ይረዳል። የአስተዳደር ስሙም ተለዋውጧል። ነገሌ በአሮጌ ወረቀት ላይ ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ ቀጥሎ ሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ በኋላ ቦረና ዞን፣ ጉጂ ዞን፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ምሥራቅ ቦረና ዞን ሥር ትገኛለች። ማኅደሩ የሚቀመጠው በተጻፈበት ዘመን ስም ነው።

የሚገኘው ነገር የተሰበሰበው ለእኛ ተብሎ አይደለም። የሮሙ ሉቼ ተቋም የጣሊያን ወረራ ዘመን ፎቶና ፊልም በድረ ገጹ ይዟል። ፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮቤኒየስ ተቋም ተመራማሪዎቹ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ያነሷቸውን ፎቶዎች በሥዕል ማኅደሩ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1894 እና 1895 በቦረና ያለፈው አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድሰን ስሚዝ የጻፈው መጽሐፍ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ ይነበባል። ሜጋ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰንም የደቡብ ኢትዮጵያ ትዝታውን እ.ኤ.አ. በ1927 አሳትሟል። ድንበሩ ከሁለት የከፈላቸው ቤተሰቦች የሰሜን ኬንያን አውራጃዎች የቅኝ ግዛት ሪፖርቶች ባይረሱ መልካም ነው፤ የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሰነዶች በማይክሮፊልም ተቀድተው አሜሪካ ሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲም ይገኛሉ። እነዚህ ጸሐፊዎች ሰውን ያዩት በገዢ ወይም በእንግዳ ዓይን ነው። አስተያየታቸውን ሳይሆን ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን ልብ ይበሉ።

ቀኑ ራሱ ፍቺ ይፈልጋል። የጣሊያን ጦር ነገሌ የገባው እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1936 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 1928፣ ጥምቀት ማለት ነው። ጥምቀት አዘውትሮ በፈረንጆቹ 19 ላይ ይውላል፤ ያ ዓመት ግን መስከረም 1 አንድ ቀን ዘግይቶ ስለገባ ወደ 20 ተገፋ። ፎቶዎቹ ላይ በሮማ ቁጥር 14 ተጽፎ ቢያዩ የፋሺስቶች የራሳቸው ዓመት ነው፤ ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 (እ.ኤ.አ.) ያለውን ይሸፍናል። ‹‹በጥምቀቱ ሸሽተን›› የሚል ወሬ እና የሮም ፎቶ በዚህ መንገድ ይገናኛሉ።

አንድ ሌላ እንቅፋት አለ። ስካን የተደረገ ገጽ ለኮምፒውተር ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ፊደል ለቃሚ ፕሮግራም አልፎበት ወደ ጽሑፍ ካልተለወጠ በስተቀር በቃል ፍለጋ አይወጣም። የግዕዝ ፊደል የሚለቅሙ ፕሮግራሞች ቢኖሩም የእጅ ጽሑፍና የደበዘዘ ወረቀት ያስቸግራቸዋል። በዚያ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ‹‹ሀይሌ›› ብሎ የፈለገ ‹‹ኃይሌ››ን አያገኝም። ስለዚህ ፍለጋው ባዶ ቢመለስም ዓመቱንና ቦታውን ይዞ ገጽ በገጽ መግለጥ ያስፈልጋል።

ነገሌ የጦር ሠፈርም ነበረች። ከሸዋ፣ ከወሎና ከጎንደር መጥተው የቀሩ ወታደሮች ልጆች ብዙ ናቸው፤ ጥር 4 ቀን 1966 የ4ኛ ብርጌድ ወታደሮች በምግብና በውኃ ጉዳይ ያመፁበትን ቀን ከልደት ወይም ከዝውውር ጋር አያይዘው የሚያነሡ ቤተሰቦች ጥሩ የጊዜ ምልክት አላቸው። የእነሱ ፍለጋ ወደ ሰሜን ይመለሳል። ከ1966 ገደማ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በሚኒሶታው የሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ፤ በመጻሕፍቱ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የርስት ሽያጭ፣ ውርስና የትውልድ ሐረግ የተጻፈባቸው ጥቂት አይደሉም።

ያገኙትን ወዲያው አውርደው ያስቀምጡ። በጥቅምት 2016 ብሪቲሽ ላይብረሪ የሳይበር ጥቃት ደርሶበት በዲጂታል ያሰባሰባቸው መዛግብት ለረጅም ጊዜ ከተጠቃሚ ርቀው ነበር። ድረ ገጹ ይጠገናል። በነገሌ፣ በአሬሮና በዲሎ ገዳውን እየቆጠሩ የሚያወሩ ሽማግሌዎች ግን ቅጂ የላቸውም። ከመፈለጊያው ሳጥን በፊት ስልክዎን ይዘው እነሱ ዘንድ ይሂዱ። ፈቃዳቸውን ይጠይቁ፤ ድምፁን ሲቀዱ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ከነአባትና ከነጎሳ መጀመሪያ ላይ ያስነግሩ። ቀጥሎ ‹‹በየትኛው ገዳ ተወለዱ?›› ብለው ይጀምሩ።