ሮኬቷ ለምን ወደ ነፋሱ ትዞራለች?

ፎገራ ሜዳ ላይ ሞዴል ሮኬት ማስወንጨፍ ለምታስቡ ተማሪዎች፦ ቀን ላይ የብሱ ከጣና ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ወረታ ይነሣል። በጠዋት ውጡ።

ብዙዎች ሮኬቷን ነፋሱ ይዟት የሚሄድ ይመስላቸዋል። ሽቅብ ስትወጣ ግን ነፋሱ ጅራቷ ላይ ያሉትን ክንፎች ስለሚገፋ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞራል። የሚወስዳት ስትመለስ፣ ፓራሹቷ ሲዘረጋ ነው። ከ300 ሜትር ከፍታ በሰከንድ 5 ሜትር ብትወርድ፣ በሰከንድ 8 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 480 ሜትር ያርቃታል። የፓራሹቱን መሃል ብትበሱት ቶሎ ትወርዳለች።

ነፋሱ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ካለፈ ተዉት። ከደረቀ የሩዝ ገለባና ክምር አጠገብ ደግሞ በፍጹም አትለኩሱ፤ ክምሩ የገበሬው የዓመት ልፋት ነው።