ላቨርን ኮክስና የአስተማሪዋ ቃል

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ አባቶቻችን ሲተርቱ። ይህ ተረት ለሰው ሁሉ የሚስማማ ቢሆንም ከማንም ይልቅ የሚነካው ግን ጠመኔ ይዞ በልጆች ፊት የሚቆመውን ሰው ነው። አንድ አስተማሪ ተቆጥቶ የተናገረውን ቃል በማግሥቱ ይረሳው ይሆናል፤ ልጁ ግን ዕድሜውን ሁሉ ይዞት ይኖራል። እኔም የዚሁ ሙያ ሰው ስለ ሆንኩ፣ የአሜሪካዊቱን የቴሌቪዥን ተዋናይት የላቨርን ኮክስን ታሪክ ስመለከት ከዝናዋ አስቀድሞ ልቤን የያዘው ሦስተኛ ክፍል ሳለች የደረሰባት ነገር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ላቨርን ኮክስ ሜይ 29 ቀን 1972 ዓ.ም. በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በአንዷ በአላባማ፣ ሞቢል በምትባል የወደብ ከተማ መንታ ሆና ተወለደች። ሁለቱን ልጆች ያሳደጓቸው ያለ አባት ብቻዋን የቀረችው እናታቸውና አያታቸው ናቸው። ቤተ ሰቡ ጥቁሮች ያቋቋሙት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተከታይ ነበር።

መንታዎቹ በተወለዱ ጊዜ ሁለቱም ወንድ ተብለው ተጻፉ። ላቨርን ግን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ራስዋን የምትቈጥረው እንደ ሴት ልጅ ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎች ዛሬ ትራንስጀንደር ይባላሉ፤ ይኸውም ሲወለዱ የተሰጣቸው ጾታና በውስጣቸው የሚያውቁት ማንነት የማይገጥምላቸው ሰዎች ማለት ነው። ትንሿ ላቨርን ግን ለዚህ ነገር ስም አልነበራትም።

ሦስተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን የእጅ ማራገቢያ ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። በክፍልም ውስጥ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በተባለው ፊልም ላይ እንደምትታየው እንደ ስካርሌት ኦሃራ እየተሽኮረመመች ማራገብ ጀመረች። አስተማሪዋም ይህን አይታ ለእናትዋ ስልክ ደወለችና፣ «ይህ ልጅ ሐኪም ካላየው መጨረሻው ቀሚስ ለብሶ ኒውኦርሊንስ መገኘት ነው» የሚል መልእክት ነገረቻት። እናትዋ ደንግጣ ወደ ሐኪም ወሰደቻት። ሐኪሙ በወንድና በሴት ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደ ሆነ ቢጠይቃት፣ ምንም ልዩነት የለም ብላ መለሰች። ልጅቱ በገዛ ሐሳብዋ፣ ስታድግ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ልጆች የምትሆን መስሏት ነበርና።

ከዚያን ቀን ወዲያ ግን በራስዋ ማፈርን ተማረች። የትምህርት ቤት ልጆች እየሰደቡ እስከ ቤትዋ ያባርሯት ነበር። አያትዋ በሞተች ጊዜም፣ ከሰማይ ሆና ሐሳቤን ሁሉ እያየች ታዝንብኛለች የሚል ጭንቀት አደረባት። በ11 ዓመት ዕድሜዋ ራስዋን ለማጥፋት ሞከረች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙከራው ሳይሳካ ቀረ። እንግዲህ በአንዲት ማራገቢያ የተጀመረው ነገር የት እንዳደረሳት አንባቢው ይመልከት።

ከዚህ ጨለማ ያወጣት ዳንስ ነው። እናትዋን ለምና ለምና የዳንስ ትምህርት ጀምራ ነበር፤ እናትዋ ባሌት ብቻ ይቅር ብላ ሌላውን ፈቀደችላት። በኋላም በበርሚንግሃም ከተማ ወደሚገኘው የአላባማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብታ፣ መጀመሪያ የፈጠራ ጽሑፍ ቀጥሎም ዳንስ አጠናች። ከዚያ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ቆይታ ወደ ኒውዮርክ ተሻገረች፤ በሜሪማውንት ማንሃተን ኮሌጅም ስትማር ከዳንስ ወደ ትያትር አዘነበለች። በሴትነትዋ በይፋ መኖር የጀመረችውም በዚያችው ከተማ ነው።

ኒውዮርክ ግን ለማንም እጅዋን ዘርግታ አትቀበልም። ላቨርን ብዙ ዓመት በምግብ ቤት ስትሠራ ኖረች። በ2007 ዓ.ም. ካንዲስ ኬይን የተባለች ትራንስጀንደር ተዋናይት በአንድ ታዋቂ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ቋሚ ሚና ስታገኝ ባየች ጊዜ ልብዋ ተነሣሣ። 500 ያህል ፖስትካርዶች አሳትማ ተዋንያን ለሚመርጡና ለሚወክሉ ሰዎች ላከች። ከዚያ ሁሉ መልስ የሰጧት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። የሚሰጣትም ሚና አብዛኛውን ጊዜ የሴተኛ አዳሪ ሆነ። ዕድሜዋ 40 ሲሞላ ትወናውን ትታ ወደ ትምህርት ለመመለስ አስባ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ዕድል በርዋን ያንኳኳው። ኔትፍሊክስ የተባለው፣ ድራማና ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳይ ኩባንያ በጁላይ 2013 ዓ.ም. «ኦሬንጅ ኢዝ ዘ ኒው ብላክ» የተባለውን የሴቶች ወኅኒ ቤት ድራማ ጀመረ። ላቨርን በዚህ ድራማ ውስጥ ሶፊያ በርሴትን ሆና ተጫወተች። ሶፊያ ቀድሞ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የነበረች፣ ሚስትና ወንድ ልጅ ያላት ሰው ናት፤ ጾታዋን ለምታስለውጥበት ሕክምና ገንዘብ ስታጣ በሰው የባንክ ካርድ አጭበርብራ ትታሰራለች። ያጋለጣትም የገዛ ልጅዋ ነው። በወኅኒ ቤቱ የእስረኞችን ጠጕር እየሠራች ትኖራለች። ተመልካቹን የነካው ነገር ይህ ነው፤ ሶፊያ መሳቂያ አይደለችም፣ መልአክም አይደለችም፤ ያጠፋች፣ የምትጸጸት፣ የልጅዋ ፍቅር የሚያቃጥላት ሰው ናት።

ሶፊያ ወንድ መስላ የኖረችበት ዘመን በሚታይበት ክፍል የተጫወተው ደግሞ የላቨርን መንታ ወንድም፣ ኤም ላማር የሚባለው ሙዚቀኛ ነው። ያንን ክፍል ያዘጋጀችው ስመ ጥሩዋ ተዋናይት ጆዲ ፎስተር ናት።

ከዚህ በኋላ ክብሩ ተከታተለ። በ2014 ዓ.ም. «ታይም» መጽሔት ምስልዋን በሽፋኑ ላይ አወጣ። በዚያው ዓመት፣ ትራንስጀንደር መሆናቸውን በይፋ ከተናገሩ ሰዎች መካከል በትወና ለኤሚ ሽልማት በመታጨት የመጀመሪያዋ ሆነች። በ2015 ዓ.ም. ስለ ትራንስጀንደር ወጣቶች ያዘጋጀችው ፊልም የቀን ፕሮግራሞችን የኤሚ ሽልማት አገኘ። በ2020 ዓ.ም. ከአዘጋጆቹ አንድዋ የሆነችበት «ዲስክሎዠር» የተባለው ፊልም፣ የአሜሪካ ሲኒማ እነዚህን ሰዎች እንዴት መሳቂያ፣ ነፍሰ ገዳይ ወይም ሬሳ እያደረገ ያሳይ እንደ ነበረ በምሳሌ አስረዳ።

መንገዱ ግን ሁልጊዜ አልተመቻትም። በ2017 ዓ.ም. ጠበቃ ሆና የተጫወተችበት «ዳውት» የተባለው ድራማ፣ ሁለት ክፍል ብቻ ከታየ በኋላ ከሰሌዳው ተነሣ፤ የቀረው የታየው ከወራት በኋላ ነው። ሕይወት ለታዋቂም ቢሆን አንዱን ደረጃ ከወጡ በኋላ ሌላውን እንዲወጡ ታስገድዳለች።

በ2025 ዓ.ም. ደግሞ ስምንት ክፍል ባለው «ክሊን ስሌት» በተባለ አስቂኝ ድራማ ታየች። ታሪኩ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሴት ሆና ወደ አባትዋ ቤት ስለምትመለስ ሰው ነው። አባትየው መኪና እያጠበ የሚኖር ሽማግሌ ሲሆን ልጁን እንዴት አድርጎ እንደሚጠራት እየተሳሳተ፣ እየተቆጣ፣ እየወደደ ይማራል። ታሪኩ የሚደርስባት ከተማ ሌላ አይደለችም፤ ያቺው ማራገቢያ የተያዘባት የአላባማዋ ሞቢል ናት። ድራማው ከአንድ ዙር አላለፈም፤ ላቨርን ግን የተባረረችበትን መንገድ በታሪክ ውስጥም ቢሆን ተመልሳ ረግጣዋለች።

አስተማሪዋ የተነበየችው ትንቢት ግማሹ ደርሷል፤ ልጅቱ ቀሚስ ለብሳለች። የቀረው ግማሽ፣ ማለት የመጨረሻዋ ውርደት ይሆናል የተባለው፣ ሐሰት ሆኖ ቀረ። ነገር ግን ይህ ሐሰትነቱ እስኪገለጥ ድረስ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ለመሞት ተቃርባ ነበር። እኛ አስተማሪዎች፣ ነገም አባትና እናት የምትሆኑ ወጣቶች፣ አንድን ልጅ ስለ ጠባዩ ለወላጁ ለመክሰስ ስልኩን ከማንሣታችን በፊት ይህን ብናስብ ምን ይጎዳናል?